የተጣደፈው ኮሌታ

ሰው ሲያወራኝ ቃሉን ሳይሆን ፊቱን ነው የምከታተለው። «ሙያዬ ነው» እላለሁ፤ እናቴ ግን «ሙያ አይደለም፣ ከልጅነትሽ የያዘሽ አመል ነው» ትላለች። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ላይ ዓይኔን ተክዬ ከምወርድበት ያለፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ የምታውቀኝ ሰው ናት ብሎ ሰላም ይለኛል። እኔ ግን የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ እያየሁ ነው።

ለዚህ ነው የማስታመሚያ ቤቱ ኮሚቴ ጠርቶ «ዶክተሯን ሳይልን» ሲለኝ ሳላስብ እሺ ያልኩት። ሰብሳቢው ዶክተሯ ሲል ስም መጨመር አላስፈለገውም። መድኃኒት ያልያዘለትን ሕመምተኛ ሆስፒታሉ «ወደ ቤት ውሰዱት» ብሎ በሚሸኝበት ዘመን፣ የተከራዩት ቤት ውስጥ አልጋ ዘርግተው «ለእኔ አምጡት» ያሉ የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው። አያድኑም። መዳን ያልቻለውን ሰው ሕመሙን ያስታግሱለታል፣ ያጥቡታል፣ ያጫውቱታል፣ እስኪያልፍ ድረስ አጠገቡ ይቀመጣሉ። በኋላ ስንቱ ተከተላቸው፤ ሲጀምሩት ግን ሰው «የሞት ደላላ» ይላቸው ነበር። አሁን ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ምስላቸው መግቢያው ላይ እንዲሰቀል ተወስኗል።

«ታዲያ ፈገግ ብለው ይሁን» አለኝ ሰብሳቢው፣ ክራቫቱን እስከ መጨረሻ የሚያጠብቅ ደግ ሰው ነው። «ሰው ገና ከበሩ ሲገባ እንዳይደነግጥ።»

እኔ ግን የጓጓሁት ለሌላ ፊት ነው። ስለ ዶክተሯ የሚያወራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያነሳ አይቀርም፤ ለሕመምተኛው እውነቱን ሲነግሩት የሚኖራቸውን ፊት። እንደማይድን ይነግሩታል፣ ሰውዬውም ይረጋጋል ይባላል። እንዴት ያለ ፊት ነው እንዲህ የሚያደርገው? ዓይን ነው? ቅንድብ ነው? አፍ ነው? አንድ ጊዜ ካየሁት እንደማይጠፋኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ደግሞም፣ ምን እደብቃለሁ፣ የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ምግብ አልወርድ እያላት፣ ቀሚሶቿን በየሳምንቱ እያጠበበች መጣች። ሆስፒታሉ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ኮሪደር ላይ አቁሞ ነገረን፤ ቆሽቷ ላይ የተነሳ ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ጋም ደርሷል። ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ኮሎኔል ይለዋል። የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ማዘዝ ስለሚወድ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ዕንባውን ጠረገና ወዲያው ትእዛዝ አወጣ፦ «ጨጓራ ነው ትባላለች። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

መድኃኒቷንም የጨጓራ መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠው። ይህ ሳያንሰው ቀዶ ጥገና አስቀጠረላት። ሐኪሙ «ይሞከር ካላችሁ ይሞከራል፤ ተስፋ ግን አታብዙ፣ ከአልጋ ሳትነሳ ልትቀርም ትችላለች» ነበር ያለን። ኮሎኔል የሰማው «ይሞከራል» የምትለዋን ብቻ ነው። እናቴን «ትንሽ ቁስል ትጠረግልሻለች» አላት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች።

«ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሆዷን ልታስቀድዳት ነው?» አልኩት፣ በር ላይ።

«ብትሰማ በድንጋጤ ነው የምትሞተው። አንቺ ልትነግሪያት ነው?»

የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ነበር፣ እኔም በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እነሳና ማታ ሳልነግራት እተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተደርጎ እንደሚነገር አላውቅማ። የምታውቀው ሴት ደግሞ ፊቷን እንድስል ተሰጠችኝ።

ማስታመሚያ ቤቱ አንድ ፎቅ ብቻ ነው፤ በሮቹ አልጋ እንደልብ እንዲያሳልፉ ሰፋ ሰፋ ብለው ተሠርተዋል። የዶክተሯ ቢሮ ውስጥ የእጅ መታጠቢያ፣ ወረቀት የተከመረበት ጠረጴዛና አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ አለች። መስኮቱ የሚያሳየው የልብስ ማስጫውን ነው፤ ነጭ አንሶላ በነጭ አንሶላ። ብርሃኑ ከአንሶላዎቹ ላይ ተመልሶ ወደ ቤት ስለሚገባ ሰው ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ያምራል። ሸራዬን በደስታ ዘረጋሁ።

«እስከ መቼ ነው የምቀመጠው?» አሉኝ ዶክተሯ፣ ነጭ ጋዎናቸውን ጉልበታቸው ላይ እየሰበሰቡ።

«እስኪበቃኝ።»

«ሕመምተኛዬ ብትሆኚ እንዲህ ያለ መልስ አልመልስልሽም ነበር» አሉና ተቀመጡ።

ቀጭን ናቸው፣ ጉንጫቸው የገባ፣ ጆሯቸው ትልቅ። አጥንታቸውን ለመያዝ አልተቸገርኩም። ችግሩ ፊታቸው መታወቂያ ላይ እንደሚለጠፍ ፎቶ ደርቆ መቅረቱ ነው። መታየት አይወዱም። እኔ ዓይኔን ስተክል እሳቸው መስኮት ላይ ይተክላሉ፣ አንሶላ ይቆጥራሉ መሰለኝ።

ስለዚህ ወሬ ማነፍነፍ ጀመርኩ። ከሳቸው ጋር ብዙ ዘመን የሠራችውን ነርስ ያዝኩና ሲናገሩ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት። «ቁጡ ነገር ይመስላል» አለችኝ፣ አሰብ አድርጋ። «ግን ቁጣ አይደለም። ቀልድ የሌለበት ነው በይው።» ቁጡ ፊት ሳልኩ። ከዚያ በር ላይ ያሉትን ዘበኛ ጠየቅኩ። ባለቤታቸው እዚያው አልፈው፣ እሳቸው ቤት መመለሱ ከብዷቸው በዚያው ሥራ የገቡ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ሊስቁ ያሉ ነው የመሰለኝ» አሉኝ። «መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። የኔ ሚስት እየሞተች ምን ያስቃቸዋል አልኩ። በኋላ ስገምት ሳቅም አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሠዓሊዋ አንቺ።»

ሊስቅ ያለ ፊትም ሳልኩ። አንዲት አበባ ይዛ የመጣች ሴት ደግሞ «በጣም ደክሟቸው ነበር፤ ድካማቸው ነው ያጽናናኝ» አለችኝና የደከመ ፊት ሳልኩ። ወረቀቶቹን ወለል ላይ ደርድሬ ሳያቸው ሦስት የማይተዋወቁ እህትማማቾች ሆነው አረፉት። ጉጉቴ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ድረስ ባሰ።

በሚቀጥለው ጊዜ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። «ዶክተር፣ ለሕመምተኛ ሲነግሩ አንድ ቀን ጥግ ላይ ልቁም?»

«አይሆንም።»

«ድምፄን አላሰማም።»

«ብታሰሚም ባታሰሚም። ሰው ሞቱን ሲሰማ አንዲት ሴት ጥግ ላይ ቆማ ትሞነጫጭር?»

አፈርኩ። ማፈሬን አይተው መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት።

«እኔም እኮ አይቼው አላውቅም። መስታወት ይዤ አልገባ። ያን ፊት የሚያየው የሚነገረው ሰው ብቻ ነው።»

«እሺ ፊቱስ ይቅር፣ እንዴት ነው የሚነግሩት?»

«መጀመሪያ ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ እከታለሁ። ሰዓት ያሰረ ሰው የሚሄድበት ያለው ይመስላል። ከዚያ በርጩማዬን እስብና ከሱ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ከዚያ እጠይቀዋለሁ፤ ስለ ሕመምህ ምን ታውቃለህ? እለዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ያውቃል። የሚያውቅ መሆኑን የማያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው።»

«ቤተሰቡ እንዳይነገረው ካለስ?» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ዶክተሯ ከመስኮቱ ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። ስንት ቀን ሳያቸው ከርሜ መታየት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባኝ፤ ብሩሼን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«የማን ቤተሰብ?»

«እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።»

«እንዲሁ» አሉ፣ ተመልሰውም እኔ ባስያዝኳቸው በኩል ወደ አንሶላዎቹ ዞሩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ በዛባቸውና መቀመጡን ተዉት። «ጋዎኑን ውሰጂ፣ እኔን ተይኝ» ብለው ከተሰቀለበት አውርደው ሰጡኝ። እውነትም ልብስን ለመሳል ባለቤቱ አያስፈልግም። እጥፋቱ እንዲታይ ሌላ ሰው ይለብሰውና ይቀመጣል፣ ትከሻው ከትከሻው ከገጠመ ማንም አያውቅም። ወትሮ ጎረቤቴን ነበር የማስቸግራት። እሷ ግን ወፍራም ነች፤ የእናቴ ትከሻ ደግሞ በነዚያ ወራት ከዶክተሯ ትከሻ ጋር እኩል ሆኗል። ይህን ድምፅ አውጥቼ አልተናገርኩም። «እማዬ፣ ትንሽ ትቀመጪልኛለሽ?» ብቻ አልኳት።

የምሠራበት ክፍል ከቤቱ በስተኋላ ነው፤ ሸራዎቼ በአንድ ወገን፣ ጨርቅ የለበሰው የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና በሌላ ወገን። እናቴ ጋዎኑን ስትቀበለኝ መጀመሪያ ያየችው ኮሌታውን ነው። ገለበጠችው፣ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ተከተለችው፣ ከንፈሯን መጠጠች።

«ይህን የሰፋ ሰው ተጣድፏል። ግራው ከቀኙ ይሰፋል። ይህን ለብሼ ተስዬ ሰው ይሳቅብኝ?»

«አንቺን አይደለም የምስለው እማዬ፣ ልብሱን ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል» አለች፣ ቁልፉን እየቆለፈች። «እኔን መሳል ከተውሽ ቆየሽ።»

የዶክተሯን በምትመስል በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና ከእጅጌው ጀመርኩ። ከእጅጌው ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ ጉልበቱ እጥፋት ወረድኩ። እናቴ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም።

«ሴትዮዋ ምንድን ናት?»

«ሐኪም።»

«የምን ሐኪም?»

«የ… የአጠቃላይ።»

«የአጠቃላይ» አለች እናቴ። «ያቺ የሞት ደላላ ይሏት የነበረችው አይደለችም?»

ብሩሼ ኪሱ ላይ ቆመ። አዎ አልኳት።

«እንዴት ነው አሉ ለሰው የምትነግረው? ሰው ሲያወራ ሰምቼ ሁሌም ይገርመኝ ነበር።» የእኔ ጉጉት ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ ያኔ እናቴን ማየት ነበረበት። አንገቷን ወደ እኔ አስግጋ ትጠብቃለች።

ነገርኳት። ሰዓታቸውን እንደሚፈቱ፣ ዝቅ ብለው እንደሚቀመጡ፣ መጀመሪያ ሰውየው የሚያውቀውን እንደሚጠይቁት። እናቴ የተቀመጠችባትን በርጩማ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«እንደዚች ባለችው ላይ ነው?»

«እንደሷ።»

«በይ ብሩሹን አስቀምጪ» አለችኝ።

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። አስቀምጪውና ያን ወንበር ወዲህ ሳቢው።»

አስቀመጥኩት፣ ሳብኩት፣ ተቀመጥኩ። የእኔ ወንበር ከበርጩማዋ ከፍ ስለሚል እናቴን ከላይ ወደ ታች አየኋት። እጅጌውን እስከ ክንዷ ጠቀለለች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ስለ እኔ ሕመም ምን ታውቂያለሽ?»

«ጨጓ…»

«እሱ የኮሎኔል ነው። አንቺ የምታውቂውን።»

ዕንባዬ መጣ። እናቴ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም፣ ዝም በይም አላለችኝም።

«እንግዲያው እኔ ልንገርሽ» አለች። «እኔ አልድንም፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ አየሁት። ስንት ቀን ስፈልገው የነበረው ፊት እቤቴ፣ የሰው ጋዎን ለብሶ፣ ከእኔ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ነርሷ ያለችው ቀልድ የለሽነት አለበት፣ ዘበኛው ያሉት ለሳቅ የቀረበ ነገር አለበት፣ ድካሙም አለ። ሦስቱም ልክ ነበሩ። ሦስቱም ያልነገሩኝ ግን ያ ፊት ከእኔ ምንም አለመፈለጉን ነው። አልቅሺም አይልም፣ በርቺም አይልም፣ አይዞሽም አይል። ሌላ የሚሄድበት እንደሌለው ሁሉ እዚያው ሆኖ ያየኛል። እኔም ከስንት ወር በኋላ እናቴን አየኋት፤ ቢጫ የሆነውን ዓይኗን፣ የሾለውን አገጯን፣ ሁሉንም አየሁ። በጣም ታምር ነበር።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

«ያ ልጅ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ አቆመ። ያልኩትን ሁሉ እሺ ይላል። ኮሎኔል ከመቼ ወዲህ ነው እሺ የሚያውቀው? አልቄያለሁ ማለት ነው አልኩ። አንቺ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ላይ ዓይንሽን ስትተክዪ ኖረሽ፣ እኔ ዘንድ ስትደርሺ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አሳዘናችሁኛ። ጠርሙስ ስትገለብጡ፣ ጓዳ ገብታችሁ ስትንሾካሾኩ። ሁለታችሁ በአንድ ነገር ተስማምታችሁ ስታውቁ ይህ የመጀመሪያችሁ ነው፣ ላፍርሰው?»

ሳቅኩ፤ እያለቀስኩ ስለሆነ ሳቁ ከአፍንጫዬ ነው የወጣው። እናቴ በጋዎኑ ጫፍ ልትጠርገኝ ካለች በኋላ የሰው ልብስ መሆኑ ትዝ ብሏት በእጇ ጠረገችኝ።

«ሆዴን ግን ማንም አይቀድም» አለች። «እኔ ጨርቅ የምቀደው ልሰፋው ነው። የማይሰፋ ነገር ለምን ይቀደዳል? ለወንድምሽ አንቺ እንዳትነግሪው፣ እኔው እነግረዋለሁ። እዚችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ። በይ አሁን ብሩሽሽን አንሺ፣ ይህ ነገር ሞቆኛል።»

ብሩሹን አነሳሁ። እጥፋቱን ግን ተውኩትና ወደ ፊቱ ሄድኩ። አጥንቱን፣ ጆሮውን፣ የገባውን ጉንጭ የዶክተሯን አልነካሁም። አስተያየቱን ግን ፊት ለፊቴ ከተቀመጠችው ሴት ወሰድኩ፣ እሷ እስክትደክም፣ ከዚያም ከልቤ።

ኮሎኔል ተነገረው። እኔ ውጭ ነበርኩ፤ ሲወጣ ስልኩን አውጥቶ ቀዶ ጥገናውን ሰረዘና ጓሮ ሄዶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ እናቴ አልጋዋ ወደ መስኮቱ እንዲጠጋላት ስትጠይቀው «ብርድ ይመታሻል፣ አይሆንም» ብሎ ሞገታት። ረጅም ሰዓት ተጨቃጨቁ። እናቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፣ አልጋውም ተጠጋ።

ምስሉን ማስታመሚያ ቤቱ መግቢያ ላይ ገልጬ ሳቆመው ሰብሳቢው ወደፊትም ወደኋላም ብሎ አየውና «ፈገግታው የታለ?» አለኝ። ሊሰቅሉ መሰላል ይዘው የመጡት ዘበኛ ግን መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንዲህ ነበር ያዩኝ» አሉ። ነርሷ ከኋላቸው መጥታ ቆመች፣ ምንም ሳትናገር የዘበኛውን ክንድ ያዘች። ሰብሳቢው እነሱን አየ፣ ምስሉን አየ፣ ክራቫቱን ላላ አደረገና ስለ ፈገግታው ዳግመኛ አላነሳም።

ዶክተሯ መጨረሻ መጡ። የመለስኩላቸውን ጋዎን ለብሰዋል። ሌሎቹ ሥራ እንዳለው ሰው ተበታተኑና ሁለታችን ቀረን። ፊታቸውን ፊት ለፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔን አላየሽኝም እኮ» አሉ። «ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ተነገረኝ» አልኳቸው።

ዘወር አሉ። «ማን ነገረሽ?»

«እናቴ። ጋዎንዎን ለብሳ ስትቀመጥልኝ።»

ዶክተሯ ሰዓታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱ። ምስሉ ታሽጎበት የመጣው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጡና እኔን በግድግዳው ጥግ ባለው ወንበር አስቀመጡኝ፤ ከእኔ ዝቅ አሉ።

«እናትሽ ምን ይፈልጋሉ?»

«ቤቷ መሆን ነው የምትፈልገው። ሞቱን አልፈራም፣ ሕመሙን ነው ትላለች።»

«ለሕመሙ እኔ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ። ሌላስ?»

«ሌላማ» አልኩ፣ መናገሩ እያሳፈረኝ። «ጋዎኑን ለምን መለስሽላቸው ብላ ተቆጥታኛለች። ኮሌታው ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፣ የሰፋው ሰው ተጣድፏል፣ ሳላስተካክለው እንዴት ይሄዳል ነው የምትለው።»

ዶክተሯ እጃቸውን አንስተው ኮሌታውን በሁለት በኩል ዳበሱት። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቱና ጋዎኑን አውልቀው፣ አጥፈው ጉልበቴ ላይ አደረጉት።

«ውሰጂላቸው» አሉኝ። «ተጣድፈው እንዳይሰፉት ብቻ አደራ በያቸው።»